ዳምናር እናት አልነበረችውም

ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብዬ ተነስቼ ማመልከቻ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወሎ ውስጥ መካነ ሰላም ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላዬን ተክዬ፣ ካርቦን ወረቀቴን አንጥፌ የሰው በደል ስጽፍ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። አሁን አሁን ወጣቱ በኮምፒውተር ስለሚያስጽፍ ወደ እኔ የሚመጡት ሽማግሌዎችና ግራ የገባቸው ብቻ ናቸው። ቢሆንም በልቶ ማደር አላቃተኝም፤ አልሀምዱሊላህ።

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ገና ማስፈራራት ሲጀምር፣ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን አቅፋ መጣችና ፊት ለፊቴ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ከአርባ ምንጭ ነው የመጣችው። አባቷ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። በሕይወት ሳለ ዘመድ የሚባል አልነበረውም፤ የት እንደተወለደ ሲጠይቁት ወሬ ይቀይራል። ሊሞት ሲል ብቻ የዚህችን ከተማ ስም ነገራት። እሷም ያንን ይዛ መጥታ ቀበሌ ብትጠይቅ «በማመልከቻ አቅርቢ» አሏት፤ የሚጽፍልሽ እዚያ አለ ብለው ወደ እኔ ላኳት።

ወረቀቴን አስተካከልኩና እንደ ወጉ «ስም እስከ አያት» አልኳት።

«ትሁት ዳምናር...»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ያልሰማኋት መስሏት ደግማ ነገረችኝ። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ዳምናር የሚባል ስም በዚህ አገር የለም፤ መዝገብ ቢያገላብጡ አይገኝም። ስሙን ከደመና ላይ ቆርጬ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ።

በዚያን ጊዜ ከገጠር የመጣን ተማሪዎች ሁለት ሦስት ሆነን ቤት ተከራይተን ነበር የምንማረው። የእኔ ደባል አበጋዝ ይባላል። እኔ የእስላም ልጅ እሱ የክርስቲያን፤ ከሥጋ በቀር የማንካፈለው ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ወደየቤታችን እንወርዳለን፣ እሁድ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። የእኛ ቤት ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው፤ የእነሱ ከዚያ አልፎ፣ ወደ አባይ በሚያዘነብለው ተዳፋት ላይ። እናቱ እትዬ ዘነቡ በሶ ሲያዘጋጁ ገብሱን ጠቆር እስኪል ነበር የሚቆሉት። ቋጠሮው ገና ሳይፈታ ሽታው ምራቅ ያስውጣል። የእኔ እናት በሶ ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አመድ አመድ ይል ነበር፤ ይህን በሕይወት ሳለች ተናግሬው አላውቅም።

መንገዱ ረጅም ስለነበር ታሪክ እፈጥርለት ነበር። ቅዳሜ ያወራሁትን ሰኞ ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። አጭሩን ልንገራችሁ። አንድ ባለጸጋ ሰው ነበር። ከአባይ የተነሳ ጉም መጥቶ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሸፈነው፤ ጉሙ ሲገለጥ ባዶ ሜዳ ብቻ ቀረ። ሰውዬው ጉሙን ተከትሎ ገደል ወረደ። ከገደሉ ሥር የጉም አገር በር አለ፤ በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ገንቦ ታቅፋ ተቀምጣለች። «እዚህ የሚገባ ሁሉን ያጣ ብቻ ነው፤ ስምህን ገንቦው ውስጥ ተናገርና እለፍ» አለችው። ስሙን ተናገረ፤ ክዳኑን ዘጋችበት። ከዚያ ወዲያ «ዳምናር» ተባለ። በጉም አገር በር ሠሪ ሆነ። ቤት ለሌለው ሰው በር ይሠራል፤ በሩን ሜዳ ላይ ሲያቆሙት ከኋላው ቤት ይበቅላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። አፍ የድሮውን ስም ይረሳል፤ ጆሮ ግን አይረሳም። በድሮ ስሙ ተጠርቶ ዞር ያለ እንደሆነ፣ የሠራቸው በሮች ሁሉ ይወድቃሉ፣ ያጣውም ሁሉ ዛሬ እንዳጣው ይሆንበታል።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው አትበሉኝ እንጂ ጥሩ ታሪክ ነበር። አበጋዝ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «መጨረሻ ላይ ይመለሳል?» ይለኛል። «ገና አልወሰንኩም» እለዋለሁ፣ እንደ ትልቅ ደራሲ እየተኮፈስኩ።

ሰኔ ላይ የፈተና ሳምንት ሆነና አንድ ቅዳሜ ሳንወርድ ቀረን። እትዬ ዘነቡ ልጄ በባዶ ሆዱ አይፈተንም ብለው ስንቁን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። ዝናቡ ስለጠናባቸው እኛው ዘንድ አደሩ። እሁድ ረፋዱ ላይ አንድ ጎረቤታቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደጃችን ላይ ቆመ። እትዬ ዘነቡ «ምነው በደህና?» አሉት። ሰውዬው ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ።

ተዳፋቱ ተንዶ ነበር። ቤቱን፣ ሁለቱን በሬዎች፣ የአበጋዝን አባትና ሁለት ታናናሽ እህቶቹን ይዞ ነው የወረደው። ስንደርስ ቤቱ የት ጋ እንደነበር በእርግጠኝነት የሚያሳይ ሰው አልነበረም። ያገሩ ሰው ሦስት ቀን ቆፍሮ አባትየውን አገኘ። ልጆቹን አላገኘም። እትዬ ዘነቡ አላለቀሱም፤ ጭቃውን እያዩ «ስንቅ ላደርስ ሄጄ» ብቻ ይሉ ነበር።

እናትና ልጅ ከተማ ገብተው በአንድ የዘመድ ጓሮ ተጠጉ። ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። አበጋዝ በመንገድ ሲያልፍ ሴቶቹ ሁሉ «አበጋዝዬ፣ አይ የኔ ምስኪን» ይሉታል። ክፋት የለባቸውም። እሱ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«ይመር፣ ስሜን ሲጠሩኝ ያ ጭቃ ይሸተኛል።»

«አብሽር፣ ይለቅሃል።»

«እማን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሷም እኔን ስታይ እነሱን ነው የምታየው።» ደብተሬን አንስቶ ሰጠኝና «እስኪ ስለ ገንቦው አንብብልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት። በማግስቱም አነበብኩለት። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ደስ ይለኝ ነበር። ሌላው ሰው ሊያጽናናው ሲመጣ ፊቱን ያዞራል፤ የእኔን ደብተር ሲሰማ ግን ትንፋሹ ይረጋል። ምን ያህል ኮራሁ። አንድ ቀን «ዳምናርን እንዳትመልሰው» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት አበጋዝ ለምዝገባ አልመጣም። ደብተሬን ስገልጥ ከመጨረሻዋ መስመሬ ሥር በእሱ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይመር፣ ከዛሬ ጀምሮ ዳምናር ነኝ። መጨረሻውን አትጻፈው። ለእማ አትንገር፤ ልቤ ሲረጋ እኔው እመጣለሁ።»

እትዬ ዘነቡ በዚያው ቀን እኔ ዘንድ መጡ። «አንተ ጓደኛው ነህ፤ ምንም አላለህም?» አሉኝ።

«ምንም አላለኝም» አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ያንን ቃል መልሼ መዋጥ አልቻልኩም። መጀመሪያ ላይ ቃል ኪዳን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። ዓመት ሲያልፍ ግን ቃል ኪዳን ሳይሆን ፍርሃት እንደሆነ ገባኝ። ልጅዎን ያሰደድኩት በተረቴ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ደብተሩን ሣጥን ሥር ቀበርኩት። እሳቸው በየገበያው ቀን መናኸሪያ ቆመው ሾፌሩን ሁሉ «አበጋዝ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ» እያሉ ይጠይቃሉ። አበጋዝ የሚባል ልጅ በየትም እንደማይገኝ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በምን ስም ቢጠሩት እንደሚገኝም የማውቀው እኔው ነኝ።

ከሁሉ የከፋው ስንቁ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አዲስ በሶ ፈጭተው በነጭ ጨርቅ ይቋጥሩለታል። ያምናውን እንዳይነቅዝ ብለው ለእኔ ይሰጡኛል። «እስኪመጣ አንተ ብላለት» ይሉኛል። እኔም እበላ ነበር፤ እምቢ ብል ምን ብዬ? የሰው ስንቅ እየበላሁ ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ሸበትኩ።

አንድ ጊዜ ላይ ነገሩ ሁሉ ሊስተካከል ተቃርቦ ነበር። ከሄደ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ስንዴ ልገዛ ደጎሎ ገበያ ሄድኩ። ኅዳር ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እህል የጫነ አንድ መኪና አጠገብ ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ይወጥራል። ትከሻውን አወቅሁት። የሄድንበት መንገድ ሁሉ ከፊቴ የነበረ ትከሻ እንዴት ይጠፋኛል።

«አበጋዝ!» አልኩት።

እጁ ገመዱ ላይ ቀጥ አለ። አልዞረም። ደግሜ ጠራሁት። ገመዱን አሰረ፣ ፈታው፣ መልሶ አሰረው። ሌላኛው ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እልህ ያዘኝ። እኔ የምፈልገው ጓደኛዬን ነው እንጂ ደብተሬ ላይ የፈጠርኩትን ሰው አይደለም አልኩ። እናትህ የአንድ ቀን መንገድ ላይ በሶ ቋጥረው ተቀምጠው፣ እንዴት በተረት ሰው ስም እንድጠራህ ትፈልጋለህ ብዬ ተቀየምኩት። ቆይቶ ቆይቶ መኪናው ላይ ወጣና ሄደ። እኔም ስንዴዬን ገዝቼ ተመለስኩ። ለእትዬ ዘነቡ ምንም አልነገርኳቸውም። አምና በዐቢይ ጾም አረፉ። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ሚስቴ አምጥታ ዕቃ ቤት አኖረቻት፤ ያቺን መብላት አቃተኝ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «የአያት ስም?» አልኳት።

«ይመር» አለች።

ትሁት ዳምናር ይመር። አዲስ ሰው ለመሆን አባት አስፈልጎት ኖሯል። በአሥራ ስምንት ዓመቴ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አባት አድርጎኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በስሜ ሲምል፣ በስሜ ሲፈርም ኖሯል። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና አለቀስኩ። ባለጉዳዮቹ ሁሉ ዞረው ያዩኝ ነበር።

ቤቴ ወሰድኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አባቷ ማን እንደነበር፣ አያቷ ማን እንደነበሩ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ደጎሎ ላይ ስደርስ ግን እጇን አነሳች።

«ጋሼ፣ ይሄንን ነግሮኛል። 'አንዴ በወሎ በኩል ሳልፍ ከኋላዬ የሚያውቀኝ ሰው ጠራኝ' ብሎኛል። 'መዞር አልቻልኩም፤ ግን በሌላኛው ስም ይጠራኛል ብዬ ገመድ ሳስርና ስፈታ ብዙ ቆየሁ' አለኝ። 'ሳይጠራኝ ቀረ' አለኝ።»

«አፉ በይኝ» አልኳት። እሷ የደቡብ ልጅ ናት፤ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። ሚስቴ «ይቅር በይኝ ነው የሚልሽ» አለቻት። ትሁት አንገቷን ደፋች እንጂ ይቅር አላለችኝም። አልፈረድኩባትም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወሰድኳት። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። እትዬ ዘነቡን «ልጅዎ ዳምናር ይባል ነበር» አልኳቸው፤ ጮክ ብዬ፣ በሕይወት እንዳሉ ሁሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ ከሣጥኑ ሥር ያወጣሁላትን ደብተር ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበበችው። የአባቷን ጽሕፈት በጣቷ እየዳሰሰች ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«መጨረሻ ላይ ይመለሳል?»

«ይመለስ ነበር» አልኳት። «የሚጠራው ጠፍቶ ነው።»

ስትሄድ የአያቷን የመጨረሻ ቋጠሮ ሰጠኋት። ነቅዟል፣ አይበላም አልኳት። ግድ የለም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከልብሷ በላይ አኖረችው።

ደብተሩ ከእሷ ጋር ቢሄድም ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ስህተቱ ስሙ አይደለም፣ ሕጉም አይደለም። ሰውዬው ሁሉን አጣ ብዬ ስጽፍ ቤት፣ ከብት፣ ሚስት፣ ልጅ ብዬ ቆጠርኩና እናት አለው የለውም ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ዳምናር እናት አልነበረችውም። አበጋዝ ግን ነበረችው፤ ሁሉን አላጣም ነበር። ታዲያ በዚያ በር እንዲገባ ለምን ፈቀድኩለት?

አሁንም ጃንጥላዬ ሥር ነኝ። ባለጉዳይ ሲመጣ ስም እስከ አያት ብዬ ከጻፍኩ በኋላ «የእናትስ?» እላለሁ። «ይሄ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል?» ብለው ይገረማሉ። ፍርድ ቤቱ አይጠይቅም፤ ጸሐፊዋም ስታየው ትስቃለች። እኔ ግን ከግርጌው እጽፈዋለሁ።