የበርሜሉ ውሃና የአምስት ቀን ሙከራ

ትናንት መብራት ጠፍቶ ጎረቤቴ የላምባ ምድጃዋን ስትለኩስ ሽታው በመስኮት ገባ። እኔ እንደሆንኩ ፈሪ ነኝ፤ ውሃ አፍልቼና አጣርቼም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ ካላየሁ አልጠጣም፣ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የላምባ ሽታ የት እንደሚወስደኝ አያውቁም።

ያደግነው በወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ውስጥ በጣውላና በቆርቆሮ በተሠራች አንድ ክፍል ቤት ነው፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሰላም። እናታችን ፈረንሳዮች ቤት እያደረች ትሠራ ስለነበር የምናያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር፤ በቀረው ቀን የአሥራ አንድ ዓመቷ እኔ የስድስት ዓመቷ ሰላም እናት ነበርኩ። አቤት እናትነት! ፀጉሯን ስጎነጉናት ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሶማሌዋ ጎረቤታችን፣ አክስቴ እንደማለት ኢዶ ሃዋ የምንላት፣ ሁለታችንንም ልታባብል ትመጣለች። ሰላምን ባየች ቁጥር "ስታምር!" ሳትል አታልፍም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ዓመት የሙቀት ወራት ሰላምን ሆዷን ያማት ጀመር፤ ያስቀምጣታል፣ ይሻላታል፣ ደግሞ ያስቀምጣታል። እኔንም አልፎ አልፎ ይቆርጠኝ ነበር፣ የእሷ ግን ባሰ። እናቴ "ሃዋ ናት በዓይኗ የበላቻት" አለችና ኢዶ ሃዋ ደጃችን ድርሽ እንዳትል ከለከለች። ያለ ኢዶ ሃዋ ይቺን ልጅ ይዤ እንዴት ልሆን ነው ብዬ ጭንቅ ጥብብ አለኝ።

በዚያው ሰሞን መምህራችን ሁለት ባቄላ ጥጥ ላይ አድርገው አንዱን የቧንቧ፣ ሌላውን የባሕር ውሃ ያጠጡ ነበር። ጥጡም ብርሃኑም አንድ ነው፣ የሚለየው ውሃው ብቻ። ምክንያት ማወቅ የፈለገ ሰው አንዱን ነገር ለውጦ ሌላውን እንዳለ ይተዋል፣ ያየውንም፣ ያልጠበቀው እንኳ ቢሆን፣ በየቀኑ ይጽፋል አሉን። የባሕሩ ባቄላ ሲጠቁር እኔ የማስበው ክዳን የሌለውን፣ ጣሳ የሚንሳፈፍበትን የቤታችንን በርሜል ነበር።

ደብተሬን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩት። አንድ ዓይነት ዳቦ እንበላለን፣ ኢዶ ሃዋ ጋም ተደብቀን እኩል እንሄዳለን፤ ውሃችን ብቻ ይለያል። እኔ በላምባው ምድጃ ያፈላሁትን፣ ሰላም እንደ ወትሮዋ የበርሜሉን። አምስት ቀን አልኩ፤ እናቴ በቀላሉ የምታምን ሴት አልነበረችማ።

በሦስተኛው ቀን ያስቀምጣት ጀመር፤ ጻፍኩ። በአራተኛው ዓይኗ ጎደጎደ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ውሃ ውሃ አለች፤ እኔም፣ እግዚኦ፣ አንድ ቀን ስለቀረኝ ከበርሜሉ ቀድቼ ሰጠኋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ብጠራት አልመልስ አለችኝ። ጮህኩ። ኢዶ ሃዋ ክልከላውን ከቁብ ሳትቆጥር ገብታ አዘለቻትና በዚያ ፀሐይ ሐኪም ቤት ድረስ ሮጠች፣ እኔ ደብተሬን ይዤ ከኋላ። ሐኪሙ ግሉኮስ ከሰኩላት በኋላ "አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ..." ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ሰላም ዳነች። እናቴ ደብተሩን አይታ አለቀሰች፣ የኢዶ ሃዋን ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀች፣ በርሜሉን ገልብጣ በበረኪና አጠበችው። "የእኔ ልጅ ሐኪም ናት" እያለች ለሰው ሁሉ አወራች፤ እስክትሞትም ድረስ ማውራቷን አልተወችም። እኔም ሙገሳውን ዝም ብዬ በላሁት፤ በላሁት እንጂ አልተዋሃደኝም።

ቤቷ ፈርሳለች፣ ኢዶ ሃዋም እናቴም የሉም፤ ያን ዘመን አብራኝ የኖረች ሰላም ብቻ ቀርታኛለች። ባለፈው ወር ትንሿን ልጇን ሲያስቀምጣት ደንግጣ ይዛት መጣችና የዚያን ጊዜው ሕመም ከውሃው መሆኑ እንዴት እንደታወቀ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ማን የትኛውን ውሃ እንደጠጣ፣ ለማንም ያልነገርኩትን፣ በአራተኛው ቀን የቀዳሁላትንም ሳይቀር። አልተቆጣችም። ትንሽ አሰብ አደረገችና "እትዬ፣ የበርሜሉን አንቺ ጠጥተሽ የተፈላውን ለእኔ ብትሰጪኝስ? ያው አይታወቅም ነበር?" አለችኝ።

ይታወቅ ነበር። ያን ሙከራ ዕድሜዬን ሙሉ በልቤ ሳገላብጠው ኖሬ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ሰላም ልጇን አነሳች። ለልጅቷ ውሃ ልቅዳላት ብዬ ብድግ ስል "ተይው፣ ይዤያለሁ" አለችና ከቦርሳዋ የራሷን ጠርሙስ አወጣች።