ሙት ይጠራል የተባለው አንባቢ

መርስዔ ኀዘንን የባሕር ዳር ሰው «የኔታ» ይለው ነበር፤ ማስተማሩንስ ለማንም አንዲት ፊደል አላስተማረ። በልጅነቱ ጣና ላይ ካለ አንድ ደሴት ገዳም ቅኔ ሲማር ቆይቶ፣ ሳይጨርስ ወጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ማቅለሚያ ክፍል ገባ። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን የደሴት ተማሪ የነበረ ሰው እንዲህ ቢል ማን ያምነዋል? «ይደብቃል እንጂ ሙት ይጠራል፣ ጋኔን ይስባል» ይሉታል። ምስኪን፣ እሱ እንኳን ጋኔን ሊስብ ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው!

ፍቅሩ የሙትና የመንፈስ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ በሾፌሮች እጅ ያስመጣል። እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ንባቡ ደግሞ የድርሳን ንባብ ነው፤ ሌላ አያውቅማ! መቃብሩ ሲከፈት ድምፁን ዝቅ፣ ሙቱ ደጅ ሲያንኳኳ ከፍ ያደርጋል። ምዕራፉ ሲያልቅ አሮጊቶቹ «አሜን» ይላሉ። የቀበሌው ካድሬ ሳይቀር «አጉል እምነት!» እያለ ከግንዱ ጀርባ ያዳምጣል።

ሰው ለምን ወደደለት ብትሉ ዘመኑን አስቡት። ሰባ ስምንት ነው። ልጅ ከመንገድ ይታፈሳል፣ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይጫናል፣ ወሬው ይጠፋል። ስለዚያ ፍርሃት አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። መርስዔ ኀዘን በሚያነበው ፍርሃት ግን ይጮኹበታል፣ የጎረቤት ክንድ ይዘው ይንቀጠቀጡበታል፣ መጽሐፉ ሲከደን አብሮ ይከደናል። የፋብሪካው ክር ፈታይ ፀሐይወርቅ «ውይ በሞትሁት! በስመ አብ!» ትልና ወዲያው፣ «ቀጥሉ እንጂ የኔታ፣ ምን ያቆምዎታል!» ብላ ትቆጣለች።

ከአድማጮቹ አንዷ ጌሾ ቸርቻሪዋ እማማ አገርነሽ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ክንዱ ሐሙሲት ገበያ እንደ ሄደ ታፍሶ ቀርቷል። በሰኔ አንድ እሑድ ንባቡ እዚህ ላይ ደረሰ፤ እናት ውሃ ዳር ቆማ የልጇን ስም ሦስት ጊዜ ስትጠራ የሞተው ልጅ ከነመግነዙ ብቅ ይላል። ሰው ሁሉ ጮኸ። ሲበተን እማማ አገርነሽ ቀሩ።

«የኔታ፣ ክንዱን ይጥሩልኝ» አሉ።

«እማማ፣ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው! ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው!»

«እሱን ለካድሬው ይንገሩት። የሚመጣ ሙት ብቻ አይደል? ከመጣ ቁርጤን አውቄ አለቅሳለሁ። ካልመጣ ግን ልጄ አለ ማለት ነው።»

ምን ይበል? አላውቅም ቢል «ጨከነብኝ» ይላሉ እንጂ አያምኑትም። ቢጠራ ደግሞ ማንም እንደማይመጣ ያውቃል፤ በውሸት ተስፋ ሊሞላቸው ነው። ዐይናቸውን አየና መጽሐፉን አስቀመጠ። ተነሥቶ ውሃው ጫፍ ቆመና በዚያ በድርሳን ድምፁ «ክንዱ!» አለ። ደንገሉ ውስጥ ያሉት ወፎች ተነሡ። «ክንዱ!» ሦስተኛውን ጠርቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ቢመጣስ? ነገር ግን አንድ ባለታንኳ ቀና ብሎ አያቸውና መቅዘፉን ቀጠለ እንጂ ሌላ ምንም አልመጣም።

እማማ አገርነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። «አልመጣም! ተመስገን፣ አልመጣም!» እያሉ እጁን ሳሙት። እሱም አልከለከላቸውም።

ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሴት ሆነው ከረሙ። ለክንዱ መመለሻ ጋቢ አስፈተሉ፤ ሚስትም ያጩለት ጀመር። መርስዔ ኀዘን ግን ጌሾ ተራ እንዳያገኙት በሌላ መንገድ መሄድ አመጣ።

መስከረም ላይ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር መርዶ ይዞ መጣ። ክንዱ ሞቷል፤ የሞተው ግን በሚያዝያ ነው፣ መርስዔ ኀዘን ከመጥራቱ በፊት። እማማ አገርነሽ ደረት ሳይመቱ፣ ሳያለቅሱ፣ በቀጥታ ወደ መርስዔ ኀዘን ቤት ሄዱ።

«ሞቶ ሳለ ነው የጠሩት» አሉት። «ታዲያ ለምን አልመጣልኝም? ተቀይሞኝ ነው፣ የኔታ? ወደ ሐሙሲት የላክሁት እኔ ነኝ።»

መርስዔ ኀዘን እግራቸው ላይ ወደቀ። «እማማ፣ በተማርሁበት ታቦት ምዬ ነው፣ መጥራት አላውቅም! አንድም ቀን አውቄ አላውቅም! ልጅዎ አልተቀየመዎትም፤ አልሰማኝም እንጂ።»

«ያን ለታ ታዲያ ለምን ጠሩት?»

«አሳዘኑኝ።»

ይረግሙኛል ብሎ ጠበቀ። «እስኪ ደግመው ይበሉኝ» አሉ። «አልተቀየመዎትም ይበሉኝ።» ደገመላቸው። ልቅሷቸው ያኔ ነው የወጣ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ መጣ።

ከአርባው በኋላ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው ዋርካው ሥር ብቅ ሲሉ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። መርስዔ ኀዘን ደንግጦ ልብ ወለዱን ከጋቢው ሥር ሸሸገና ዳዊቱን አወጣ።

«እሱን በቤቴ ስሰማ ከረምሁ» አሉ እማማ አገርነሽ፣ ፀሐይወርቅ አጠገብ እየተቀመጡ። «የሚያስፈራውን ያምጡት፣ የኔታ። ዛሬ እንኳ በራሴ ሳይሆን በሰው ሙት ልደንግጥ።»