በሁሉም ፎቶ ላይ ያሉት ሰው

ካገባን ጀምሮ የተነሣነው ፎቶ ሁሉ በሁለታችን ስልክና በየፍላሹ ተበታትኖ ነበር። ባለፈው እሑድ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ገለበጥሁት። ፕሮግራሙ የአንድን ሰው ፊት ከየፎቶው ለቅሞ ይሰበስብና «ይህ ማን ነው?» ብሎ ስም ይጠይቃል። የእኔን ጻፍሁ፤ የባለቤቴን የእመቤትንና የልጃችንንም ጻፍሁ።

ቀጥሎ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው መጡ። ሠርጋችን ላይ አሉ። መልሱ ላይም አሉ። የልጃችን ክርስትና ላይ ከፊት ተቀምጠው እየጎረሱ ነው። ለንግሥ በጀልባ ጣናን ስንሻገር እንኳ ከኋላችን ተቀምጠዋል!

«እመቤት፣ የእኒህ አጎትሽ ስም ማን ነበር?» አልኋት።

«የእኔ አጎት? ያንተ ዘመድ አይደሉም እንዴ! እኔ እኮ ያንተ ናቸው ብዬ ነው በየበዓሉ ቅልጥሙን ለእሳቸው የማቀርበው።»

ፎቶውን ሐሙሲት ላሉት አጎቴ ላክሁና ደወልሁ። ያኔ ሽማግሌ ሆነው እመቤትን ከአባቷ የጠየቁልኝ እሳቸው ናቸው።

«እኒህንማ እንዴት እረሳለሁ!» አሉኝ አጎቴ። «ያን ቀን ሦስተኛው ሽማግሌ ቀርቶብን ግራ ገብቶን ሳለ፣ ከእመቤት አባት ደጅ ላይ ተቀላቅለውን አብረን ገባን። አባቷ እንቢ ሲሉ እግራቸው ላይ ወድቀው እሽ ያሰኙልህ እኒህ ናቸው።»

«ግን ማን ናቸው፣ ጋሼ?»

«እንዴ! አንተ የላክሃቸው አይደሉም?»