የእናቴ ዓይንና የኔ ወረንጦ

ደብረ ታቦር ካሉት ባጃጅ ነጂዎች እንደ እኔ የሚነዳ የለም፤ ካላመናችሁ ራሴን ጠይቁኝ። ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ግን እጄ አይንቀጠቀጥም። ባጃጅ ሳልይዝ በፊት፣ ገጠር ሳለሁ፣ የያዝኩት ወረንጦ ነበር።

በኛ አገር ትራኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ አለ። ሲቆይ የዓይኑን ቆብ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፈትግ ውሎ ያድራል። ታዲያ ሰዉ በወረንጦ ይነቅለዋል። ለእናቴ የምነቅልላት እኔ ነበርኩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን፣ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ታስደግፋለች፣ አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ። ጎረቤቶችም ተራ ይይዙ ነበር። አንዷ "የትንኝ ያህል እንኳ አይሰማም" ያለች ቀን፣ እኔን የሚችለኝ አልነበረም።

መድኃኒቱ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ከባሕር ማዶ በነፃ የሚላክ ነው አሉን። ክኒኑን የሚሰጡን ቁመታችንን በዱላ ለክተው ነው። በእግር ጣቴ ቆሜ ቁመት ልጨምር ስል የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ያዘችኝ።

"ይኸ ያንተ ቁመት ነው ወይስ የወሬህ?"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ይቺው ልጅ አንድ ቀን ቤታችን መጣች። ዓይን የሚያክሙ ጤና ጣቢያው ገብተዋል፣ ከውጭ አገር የመጡም አሉበት አለችን።

"እማማ፣ ነገ ይምጡ። የታጠፈውን የዓይንዎን ቆብ ያቃኑልዎታል። በወረንጦ የተነቀለው'ኮ አጥሮ ጠንክሮ ነው የሚበቅለው፣ ይብስብዎታል።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ምን ትላለህ?"

"እኔ እያለሁ ምን ሊቆርጡሽ ትሄጃለሽ? ይልቅ ሐኪሞቹ ወደኔ ይምጡ፣ ላሠልጥናቸው።"

ልጅቷ አልሳቀችም። እናቴ ሳቀች። እኔ ባልኩት ሁሉ ትስቅ ነበር። በዚያው ሳትሄድ ቀረች።

ከተማ ከገባሁም በኋላ እየተመላለስኩ ነቀልኩላት። መጀመሪያ ብሌኗ ላይ እንደ አጓት ያለ ነጭ ነገር ወጣ። ቆይቶ ሰው የምትለየው በድምፅ ብቻ ሆነ። ሆስፒታል ስወስዳት ነርሱ "ማን ነው ሲነቅልልዎ የኖረ?" አላት።

"ራሴ ነኝ" አለችው።

አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቆቡን አቃኑላት፣ ሕመሙ ተዋት። ብርሃኑ ግን አልተመለሰም።

ዘንድሮ አካሚዎቹ እንደገና መጡ። እናቴን ልጠይቅ ገጠር ስገባ ጎረቤታችን ወረንጦዋን ይዛ ከተፍ አለች። እምቢ አልኳት።

"ከተሜ ሆነህ ኮራህብን?"

"ኮራሁ። ግቢ ባጃጅ ውስጥ።"

ጤና ጣቢያ አድርሼ፣ ጠብቄ፣ ዓይኗን በፋሻ አስረውላት መለስኳት። እናቴ ደጅ ተቀምጣለች።

"ሠሩላት?"

"ሠሩላት።"

"ብዙ ቆየች?"

እናቴ ፊቷን ድምፄ ወዳለበት አዙራ ትጠብቃለች።

"ብዙ" አልኳት፤ "ግማሽ ቀን ፈጀባት።"

የፈጀባት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።