የእትዬ የትምወርቅ ማሳ

ደርግ በወደቀ በዓመቱ የእትዬ የትምወርቅ ባል ሞቱባቸው። መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ልጃቸው ይታየው ደግሞ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እትዬ ታዲያ ምን አደረጉ? የእኩል አራሽ ደጅ ከምጠና ብለው፣ ከደብሩ ደን ጥግ ያለችውን የባላቸውን ማሳ ዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ ተከሉባት። ዛፉ ቤት ይደጉማል፣ መሬቷም እያረፈች ልጄን ትጠብቀዋለች ይሉ ነበር። ዛፉ መቼ አሳፈራቸው! ሽቅብ ተመዘዘ፣ ጎረቤት ሁሉ ቀና።

ይታየው ሃያ ዓመት ደፍኖ ሐናን ሊያጭ ሽማግሌ ሲልክ፣ አባቷ አቶ አባይነህ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያርሰው መሬት አለው ወይ? እትዬ በሙሉ አፋቸው አለው አሉ። ዛፉ ተቆረጠ፤ እናትና ልጅ ጉቶ ሲነቅሉ ከረሙ። ከሥሩ የወጣው አፈር ግን የነጣ፣ ዱቄት የመሰለ ነበር።

እትዬ አልደነገጡም። መንዜ ያረፈ መሬት ሲቀሰቅስ ጓሉን ከምሮ፣ ከሥሩ ኩበት ለኩሶ አፈሩን ያቃጥለዋል፤ በዓመቱ ገብሱ ሰው ይደብቃል። እሳቸውም አስቃጠሉ። ሣር ለብሶ ያረፈ መሬት እኮ ለእሳቱ የሚሰጠው አለው። ባሕር ዛፍ ከመጠጠው ከእሳቸው መሬት ግን እሳቱ የቀረችውን ጥቂት ፍሬ ነገር አመድ አድርጎ ለነፋስ አስረከበ።

ገብሱ ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አቶ አባይነህ ማሳውን አዩና ተመለሱ። ከፍልሰታ በኋላ ሐና ራቤል ለሚኖር ሌላ ሰው ተዳረች።

በማግሥቱ እትዬ የደብሩን ደጅ ተሳልመው፣ የደብሩን ልነካ ነውና ይቅር በለኝ ብለው ወደ ደኑ ገቡ። ከጥዱ ሥር የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርገው እጃቸውን ቢሰዱ እስከ አንጓቸው ሰጠመ። አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትል የሚርመሰመስበት ነው። በነጠላቸው ቋጥረው ወስደው ማሳው ላይ በተኑት። ከነጩ ላይ እፍኝ እንኳ አልመሰለም።

ይታየው መጥቶ እጃቸውን ያዘ። ደብረ ብርሃን የቀን ሥራ አለ ተብያለሁ፣ ነገ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ አላቸው።

«አባትህ ሲያርሰው እኮ እንዲህ ጥቁር ነበር» አሉት። «ይመለሳል፣ ልጄ።»

«በስንት ዓመት፣ እማዬ?»

እትዬ ነጠላቸውን አራገፉ።

በነጋታው መኪናው ሲነሳ እትዬ ከሸኚዎቹ መካከል አልነበሩም። ሁለተኛውን ቋጠሮ ተሸክመው ከደኑ እየወጡ ነበር።