የአንድ ሸክም ክብደት

አንድ ሸክም እንጨት ስንት ኪሎ ይመዝናል? ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም። የሚያሳፍረው፣ መልሱን ሪፖርት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ የጥናት ረዳት ነበርኩ። ከእንጨት የመኪና ነዳጅ ቢሠራ፣ እንጨቱን ሰብስቦ ፋብሪካ ማድረስ ስንት ያስወጣል? የምናጠናው ይህን ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ቁጥር አከብራለሁ። ባልደረቦቼ «በግምት» ብለው ከጻፉ በቀይ እሰርዝባቸዋለሁ። ብዙም አይወዱኝም፤ ግን ያምኑኛል። ያለኝም እሱ ብቻ ነበር።

ሰፈሩ እየፈረሰ ስለነበር የቤት እንጨት ሞልቷል። መኪና ከማይገባበት ቅያስ እስከ አስፋልቱ ሴቶች በጀርባቸው ያወጡታል። የሚከፈላቸው በሸክም ነው፤ ጥናቱ የሚፈልገው ደግሞ በኪሎ። አንዷን ለምኜ ኡራኤል አካባቢ የሰው ሚዛን ይዘው ወደሚቀመጡ አዛውንት ወሰድኳት። ከነሸክሟ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ጻፍኩ።

«አሁን አውርጂውና ብቻሽን ውጪ።»

«ለምን ሲባል?»

«ያንቺን ኪሎ ልቀንስ።»

«የኔን ኪሎ መንገደኛው ሁሉ ሊሰማ? ደግሞ ካወረድኩት ማን ያሸክመኛል፣ አንቺ?» ብላ ጥላኝ ሄደች።

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄ፣ በቁመትም በውፍረትም እኩል ናችሁ። በቃ አንቺ ውጪበት።»

ወጣሁበት። የራሴን ኪሎ ቀነስኩ።

ከዚያ ቁጥር የጉልበቱ ወጪ ተሰላ፣ ከጉልበቱ ወጪ የነዳጁ ዋጋ። በየስብሰባው አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ምሳ ላይ ሽሮ ባስጨምር ነዳጁ የሚወደድ ይመስለኝ ጀመር።

ሪፖርቱ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል አለቃዬ ጠሩኝ። በዚህ ሰነድ ነው ፋብሪካው ይቋቋም አይቋቋም የሚባለው።

«ሌላው ቁጥር ቢያጠራጥረኝም የሸክሙ ያንቺ ነው። በሱ እምላለሁ» አሉ።

እንዳይምሉ ብዬ ነገርኳቸው፤ ሴትዮዋን፣ ሚዛኑን፣ አዛውንቱን፣ ሁሉንም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ያን ቀን ካፖርት ለብሰሽ ነበር?»

«ክረምት ነበር፣ ጋሼ።»

ቀዩን እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስደው ሰማያዊ ሰጡኝ። ከቁጥሩ ጎን፣ በራሴ የእጅ ጽሕፈት፣ «በግምት» ብዬ ጻፍኩ።