ፈረደ ያላያት ጋላክሲ

ፈረደ አዲስ አበባ ሳለ የፊዚክስ መምህር ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጠመዝማዛ ጋላክሲ ይስልና ተማሪዎቹን፣ «እጆቿ ውስጥ ያለውን ገና ማንም በደንብ አላየውም» ይላቸው ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ከሚስቱ ጋር አውሮፕላን ላይ ተጭኖ እስራኤል ሲገባ የትምህርት ማስረጃው ከሻንጣው ጋር አዲስ አበባ ቀረ። ዕብራይስጡም ለመምህርነት አልበቃም። ርሖቮት ከተማ ውስጥ መጀመሪያ ብርቱካን አሸገ፤ በኋላ ቢሉ ሴንተር በሚባለው የገበያ ማዕከል፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ቦርሳ እየፈተሸ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀረችለት ብቸኛ ልጁ ሃዳስ ናት። የዶክትሬት ተማሪ ነች፤ የጠፈር ቴሌስኮፕ የሚልካቸውን የጋላክሲ ምስሎች ትመረምራለች። «ስጨርስ አሳይዎታለሁ፣ አባ» ትለዋለች። ሁለት ዓመት ጠበቀ።

በዚያው መሐል ዓይኑ ከዳው። መጀመሪያ ቀጥ ያለው የበር መቃን ጎበጠበት። ቀጥሎ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው መልኩ ጠፋበት፤ ዳር ዳሩ ብቻ ቀረ። ለማንም አልተነፈሰም። ዓይኑ የፈዘዘን ጥበቃ ማን ያሠራዋል? ሃዳስም ብትሰማ ትምህርቷን ትታ እሱን ልትጦር ነው።

አንድ አርብ ከሰዓት ሃዳስ ጠረጴዛውን የሚሸፍን ትልቅ የጋላክሲ ምስል ህትመት ይዛ መጣች።

«ይኸው አባ! ይሄ ክር ክር የሚለው ሁሉ አቧራ ነው። ክፍተቶቹን ደግሞ የፈነዱ ኮከቦች ናቸው የበሷቸው። እስቲ መሐሏን ይዩት፤ ምን ይመስላል?»

ፈረደ ጎንበስ አለ። «ጨለማ ነው።»

መሐሏ ግን ከምስሉ ሁሉ ደማቁ ቦታ ነበር። ሃዳስ ትኩር ብላ አየችው። ሦስት ጣቶቿን ፊቱ ላይ ዘረጋች።

«ስንት ነው?»

ፈረደ እጁን ዘርግቶ ጣቶቿን በዳበሳ ፈለገ።

እሑድ ጠዋት ሄርዝል ጎዳና ካለው ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ ሜይታል ሁለቱንም ዓይኖቹን መረመረች። «ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ በመርፌ እንገታው ነበር። አሁን የዓይንዎ መሐል ጠባሳ ሆኗል። የጠፋው አይመለስም» አለች።

ደጅ ሲወጡ ሃዳስ አለቀሰች። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ቤሰደር፣ ልጄ። ምንም አይደል፣ በቃ» አላት።

ሥራውን በዚያው ሳምንት ተወ። ሃዳስ በየአርቡ እየመጣች ምስሉን በቃል ልትነግረው ሞከረች፤ ቀዩ ከየት እንደሚነሳ፣ ክሩ የት ላይ እንደሚጠማዘዝ። ሦስት አርብ ሙሉ አዳመጣት። በአራተኛው እጇን ያዘ።

«ተይው፣ ሃዳስዬ። በነገርሽኝ ቁጥር የማላየው ይበዛብኛል።»

ህትመቱን ጠቅልላ ወሰደችው። በሚቀጥለው አርብ ስለ አየሩ ሙቀት ብቻ አወሩ።